የምልክት መጠይቅ በቻይና ባህላዊ ሕክምና፦ ከባዶ ወረቀት ተነስቶ እንዴት ይሠራል?

ይህ ጥያቄ ሳይመጣልኝ የሚያልፍ ወር የለም። ቻይና ሄዶ ባህላዊ ሕክምና የሚማር ልጅ ይደውላል። «አማካሪዬ የምልክት መጠይቅ አዘጋጅ ብሎኛል፣ ከየት ልጀምር?» ይላል። ሌላዋ ደግሞ 200 ሰው ጠይቃ ከጨረሰች በኋላ «አልፋው 0.58 ወጣብኝ፣ ምን ይሻላል?» ብላ ትጽፋለች። (አልፋ የመጠይቁ ጥያቄዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚናገር ቁጥር ነው፤ 0.58 ዝቅተኛ ነው።) የመጀመሪያውን መመለስ ደስ ይለኛል። ሁለተኛው ግን ያሳዝነኛል፤ ብልሽቱ ስሌቱ ላይ ሳይሆን ጥያቄዎቹ ወረቀት ላይ በሰፈሩበት ቀን የተፈጠረ ነው፣ ያ ቀን ደግሞ ካለፈ ወራት ሆኖታል። ስለዚህ መንገዱን በሙሉ እዚህ ላስቀምጠው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን፤ የፒ ቺ ጉድለት። ቻይናዎቹ «ፒ ቺ ሹ» ይሉታል። «ፒ» በእነሱ ሕክምና የምግብ መፈጨትን የሚመራው ክፍል ነው፣ «ቺ» ደግሞ የሰውነት የሕይወት ኃይል። የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ከበሉ በኋላ ሆድ ይነፋል፣ ሰገራ ይላላል፣ ሰውነት ይዝላል፣ ማውራት ራሱ ይታክታል። ምላስ ይገረጣል፣ ጠርዙ ላይ የጥርስ አሻራ ይታያል፣ የእጅ ትርታ ይደክማል። ይህ የበሽታ ስም አይደለም። ቻይናዎቹ «ጀንግ» የሚሉት ነው፤ እኔ በአማርኛ «የሕመም መልክ» እለዋለሁ። አንድ ዓይነት የጨጓራ በሽታ ያለባቸው ሁለት ሰዎች መልካቸው ሊለያይ ይችላል። በተለያየ በሽታ የተያዙ ሁለት ሰዎች ደግሞ አንድ መልክ ሊኖራቸው ይችላል። የምትለኩት መልኩን ነው። ይህን ካልያዛችሁ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይምታታባችኋል።

የሚያስፈልጋችሁ

- የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የታማሚ የስምምነት ቅጽ
- ጥያቄዎቹን የሚገመግሙ ከ8 እስከ 10 ልምድ ያላቸው ሐኪሞች
- ታማሚዎችን የሚመረምሩ ሌሎች 2 ወይም 3 ሐኪሞች፤ ከተቻለ ከገምጋሚዎቹ ውጭ ይሁኑ
- ለቃለ መጠይቅ ከ10 እስከ 15 ታማሚ፣ ለሙከራ ከ30 እስከ 40፣ ለዋናው ጥናት ከ200 እስከ 300
- መልስ መሰብሰቢያ፦ ወረቀት ወይም ስልክ። በስልክ ለሚሞላ ቅጽ ቻይና ውስጥ ዌንጁአንሺንግ የሚባለውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አገር ቤት ኮቦ ይበቃል
- የስሌት ፕሮግራም፦ ጃሞቪ እና አር ነጻ ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲያችሁ ኤስፒኤስኤስ ካለው እሱም ይሆናል
- አንድ ደብተር። የትኛውን ጥያቄ መቼና ለምን እንደቀየራችሁ የምትመዘግቡበት። ይህን የሚይዝ ተማሪ ጥቂት ነው፤ መመረቂያ ላይ የሚጠየቁት ግን ይህንኑ ነው

ጊዜውን ከ8 ወር እስከ አንድ ዓመት አስቡት። «በሦስት ወር እጨርሳለሁ» ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ደረጃ 4ን እና 7ን ዘሎ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ

መጠይቁ በሽታ አያገኝም። የፒ ቺ ጉድለት ነጥቡ ከፍ ያለ ሰው የአንጀት ካንሰርም ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ቅጹ መጨረሻ ላይ ነጥብ የማይሰጥባቸው ጥቂት የአደጋ ጥያቄዎች አስገቡ፤ ሰገራ ላይ ደም፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ ለመዋጥ መቸገር፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም። አንዱን «አዎ» ያለ ሰው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይላክ። ማን እንደሚልከውም አስቀድማችሁ ወስኑ።

ደረጃ 1፦ ያለውን ፈልጉ

ሌላ ሰው የሠራውን ደግሞ መሥራት የዓመት ድካም ነው። በጣም የታወቀው የፕሮፌሰር ዋንግ ቺ የሰውነት ጠባይ መጠይቅ ነው። ቤጂንግ የቻይና ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ተሠራ፣ 60 ጥያቄ አለው፣ ሰውን በ9 ጠባይ ይመድባል፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቻይና ሕክምና ማኅበር ስታንዳርድ ሆኖ ወጣ። ግን ልብ በሉ፣ እሱ የሚጠይቀው ስላለፈው አንድ ዓመት ነው። የሚለካው ሰውየው በተፈጥሮው ወደየት እንደሚያደላ ነው፣ ዛሬ የያዘውን የሕመም መልክ አይደለም። የምትፈልጉት ጠባይን ከሆነ እሱን ወስዳችሁ ተርጉሙ፤ አዲስ አትሥሩ። የምትፈልጉት አሁን ያለውን መልክ ከሆነ ቀጥሉ።

ደረጃ 2፦ መልኩን በአንድ ገጽ ተርጉሙ

የምትለኩትን ነገር በአንድ ገጽ መግለጽ ካቃታችሁ ጥያቄ አትጻፉ። ገጹ ላይ አራት ነገር ይኑር፤ መልኩ ምንድን ነው፣ የግድ መኖር ያለባቸው ምልክቶች የትኞቹ ናቸው፣ ቢኖሩ የሚያጠናክሩት የትኞቹ ናቸው፣ በቀላሉ የሚምታታውስ ከየትኛው ጋር ነው።

አራተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የሆድ መነፋት የፒ ቺ ጉድለት ብቻ አይደለም። የጉበት ቺ መታፈን በሚባለው መልክ ላይም አለ፤ እዚያ ግን ሲናደዱ ይብሳል፣ ሰውየው ደጋግሞ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ጎኑን ይወጥረዋል። ሰገራ መላላት «እርጥብ ሙቀት» በሚባለው መልክ ላይም አለ፤ እዚያ ደግሞ ሰገራው ይጣበቃል፣ ይሸታል፣ ምላሱ ላይ ቢጫ ቅባት የመሰለ ሽፋን ይታያል። መጠይቁ እነዚህን መለየት ካልቻለ የሚነግራችሁ «ሆዱን ያመዋል» የሚለውን ብቻ ነው።

መነሻ ጽሑፍ ካስፈለገ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ 11ኛ እትም ምዕራፍ 26 አለ። ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ የባህላዊ ሕክምና መልኮች በአጭር ትርጉም ተቀምጠውበታል።

ደረጃ 3፦ ጥያቄዎችን አጠራቅሙ

ከሦስት ቦታ ሰብስቡ፤ ከመማሪያ መጻሕፍት፣ ከታማሚ ካርድ፣ ከታማሚ አፍ። በመጨረሻ 15 ጥያቄ ከፈለጋችሁ አሁን 40 ወይም 50 ያዙ፣ ብዙው ይወድቃል።

የቻይና ሐኪም ሲጠይቅ የሚከተለው ቅደም ተከተል አለ፤ ብርድና ሙቀት፣ ላብ፣ ራስና አካል፣ ሰገራና ሽንት፣ ምግብ፣ ደረትና ሆድ፣ ጆሮ፣ ጥማት፣ እንቅልፍ፣ ለሴቶች ደግሞ የወር አበባ። ይህን እንደ መቁጠሪያ ተጠቀሙበት። አንዱ ሙሉ በሙሉ ባዶ ከሆነ ወይ ረስታችሁታል ወይ መልኩ ውስጥ ቦታ የለውም፤ የትኛው እንደሆነ ደብተሩ ላይ ጻፉ።

ምላስንና ትርታን ታማሚው ራሱ አይሞላም። እነሱን ለይታችሁ «ቅጽ ለ» አድርጉ፣ ሐኪም ይሙላው። «ቅጽ ሀ» ታማሚው የሚሰማውን ብቻ ይያዝ። ምላስ ፎቶ የምታነሱ ከሆነ መብራቱ ለሁሉም አንድ ይሁን፤ ቡና የጠጣ ሰው ደግሞ ይቆይ። ቡና ሽፋኑን ያጠቁራል፣ ሐኪሙም ሌላ ነገር ያነብበታል።

ደረጃ 4፦ ጥያቄዎቹን ጻፉ

እዚህ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ። የሁሉም ነገር መሠረቱ ይህ ነው።

*ጥንዶቹን ፍቱ።* የቻይና ሕክምና ምልክቶችን በጥንድ መናገር ይወዳል። «ትንፋሽ ማጠርና ማውራት መታከት» አንድ ሐረግ ነው። ትንፋሹ የሚያጥረው ግን ማውራት የማይታክተው ሰው ምን ይመልስ? ሁለት ጥያቄ አድርጉት። ከሁሉ የከፋው ላብ ነው። ቀን ሳይሠሩ የሚመጣ ላብ «ዚሀን» ይባላል፣ በአብዛኛው ወደ ቺ ጉድለት ያመለክታል። ተኝተው የሚመጣው «ዳኦሀን» ነው፣ በአብዛኛው ወደ ዪን (ሰውነትን የሚያቀዘቅዘውና የሚያርሰው ወገን) ጉድለት ያመለክታል። ሁለቱን «ቀን ወይም ሌሊት ያልብዎታል?» ብላችሁ ካጣመራችሁ፣ ወደ ተለያየ አቅጣጫ የሚጠቁሙ ሁለት ምልክቶችን አንድ ሳጥን ውስጥ ከተታችሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የትኛውም ስሌት አይለያቸውም።

*ሁኔታ ያለባቸውን በደረጃ ጠይቁ።* «አፌ ይደርቃል ግን መጠጣት አልፈልግም» የሚል ምልክት አለ። ቀጥታ ብትጠይቁ አፉ የማይደርቀውም ሰው «የለም» ይላል፣ አፉ ደርቆ ብዙ የሚጠጣውም «የለም» ይላል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። መጀመሪያ «አፍዎ ይደርቃል?» በሉ። «አዎ» ካለ ብቻ «ሲደርቅ መጠጣት ይፈልጋሉ?» በሉ። የሆድ ሕመምም እንዲሁ ነው። ሕመሙ ካለ፣ በእጅ ሲጫኑት ይሻለዋል ወይስ ይብስበታል? መጫን የሚያሽለው ወደ ጉድለት ያደላል፣ የሚብሰው ወደ መትረፍ።

*የሙያ ቃል አውጡ።* «ቺዎ ደክሟል?» ብሎ የሚጠይቅ ቅጽ ታማሚውን ሐኪም አድርጎታል። የሚሰማውን ጠይቁ፤ «ደረጃ ሲወጡ ከእኩዮችዎ ቀድመው ይደክማሉ?»

*ምልክቱን ከቅርብ ዘመዱ ለዩ።* ሁለት ዓይነት ብርድ መፍራት አለ። «ዌይሀን» ልብስ ሲደርቡ ወይም እሳት ሲሞቁ የሚለቅ ነው። «ዉሀን» ግን ብርድ ልብስ ብትደርቡበትም አይለቅም። የመጀመሪያው የያንግ (ሰውነትን የሚያሞቀው ወገን) ጉድለት ላይ ይታያል፣ ሁለተኛው በአብዛኛው ጉንፋን ሲጀምር። «ይበርድዎታል?» የሚል አጭር ጥያቄ ሁለቱን ይውጣቸዋል። «ሌላው ሰው ሳይበርደው እርስዎ ልብስ ይደርባሉ? ሲደርቡስ ይሻልዎታል?» ስትሉ ነው የሚለየው።

አፍራሽ ዐረፍተ ነገር አትጠቀሙ። «የምግብ ፍላጎት አያንስዎትም?» ሲባል «አዎ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔም ሁለት ጊዜ ማንበብ ይኖርብኛል።

ደረጃ 5፦ የመልስ አማራጭና የጊዜ ገደብ

አምስት ደረጃ ይበቃል። የተለመደው በፍጹም፣ በጣም ጥቂት ጊዜ፣ አንዳንዴ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ የሚለው ነው። ቃል ብቻውን ግን ይንሸራተታል፣ ስለዚህ አጠገቡ ቀን ጻፉ፤ «አንዳንዴ፦ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን»።

የጊዜ ገደቡ ከመልኩ ጋር ይሂድ። የፒ ቺ ጉድለት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው፣ ያለፉት 2 ሳምንታት ይሆናሉ። የነፋስ ብርድ ጉንፋን ግን በሦስት ቀን መልኩን ይቀይራል፣ እሱን በ2 ሳምንት ብትጠይቁ ሰውየው የድሮውንና የዛሬውን ደምሮ ይነግራችኋል። ገደቡንም መግቢያው ላይ ብቻ ሳይሆን በየገጹ አናት ላይ ድገሙት። ሰው ይረሳል።

ደረጃ 6፦ ለሐኪሞቹ አሳዩ

ለ8ቱ ገምጋሚዎች ለየብቻ ላኩ። በአንድ ክፍል አትሰብስቡ፤ ቻይናም ሆነ እኛ ዘንድ ታላቁ ሐኪም ከተናገረ በኋላ ወጣቱ አይቃወምም። እያንዳንዱን ጥያቄ ከ1 እስከ 4 ይስጡት፣ 4 ማለት በጣም ይመለከታል ማለት ነው። 3 ወይም 4 የሰጡትን ቁጠሩና ለሐኪሞቹ ብዛት አካፍሉ። ከ8ቱ 7ቱ ከተስማሙ 0.88 ነው፣ ይለፍ። 6ቱ ከሆኑ 0.75 ነው፣ ከ0.78 በታች ስለሆነ ይስተካከል ወይም ይውጣ። ያስተካከላችሁትን መልሳችሁ ላኩ። ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይበቃል። አስተያየቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቁጥሩ መውደቁን ይነግራችኋል እንጂ ለምን እንደወደቀ አይነግራችሁም።

ደረጃ 7፦ ታማሚው ጮክ ብሎ ያስብላችሁ

ሐኪም ጥሩ ነው ያለውን ጥያቄ ታማሚው በሌላ መንገድ ይረዳዋል። ይህን የምታውቁት አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ብቻ ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ ሰውዬ አልረሳም። የተመላላሽ ክፍል ኮሪደር ላይ ነበርን፣ ቅጹን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይሞላሉ። «ሰገራዎ የላላ ነበር?» የሚለው ላይ «በፍጹም» ላይ ምልክት አደረጉ። ካርዳቸው ግን ሌላ ይላል። «ምን ዓይነት ነው ታዲያ?» አልኳቸው። «እንደ ገንፎ» አሉኝ፣ በጣም ተረጋግተው። «ታዲያ ይሄ የላላ አይደለም?» «አይ፣ ሃያ ዓመት እንዲህ ነው። የኔ ደህናው ይሄ ነው።» ሰውየው አልዋሹም። ጥያቄያችን «ከለመዱት የተለየ» ብሎ ነው የተሰማቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ቃሉን አውጥተን ሥዕል አስገባን። የብሪስቶል የሰገራ ሥዕል 7 ዓይነት አለው፣ ታማሚው የሚመስለውን ይጠቁማል። ክርክሩ እዚያው አለቀ።

እናንተም ከ10 እስከ 15 ሰው ጋር እንዲህ ተቀመጡ። ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህን ጥያቄ በራስዎ አባባል ይንገሩኝ። ሲመልሱ የትኛውን ቀን አሰቡ? ለምን «አንዳንዴ» አሉ፣ ለምን «ብዙ ጊዜ» አላሉም? ከየጥያቄው የተሰናከሉበትን መዝግቡ። ሁለት ሰው አንድ ቦታ ከተደናቀፈ ጥያቄው ይለወጥ። ያልተማሩና ያረጁ ሰዎችን የግድ ጨምሩ፤ ተማሪዎችን ብቻ ከጠየቃችሁ ሁሉም ነገር ግልጽ ይመስላችኋል።

ደረጃ 8፦ ትንሽ ሙከራ

ከ30 እስከ 40 ሰው ስጡት። ስንት ደቂቃ ፈጀ? የትኛውን ዘለሉት? ከ15 ደቂቃ በላይ ከወሰደ መጨረሻ ላይ ያሉት መልሶች አይታመኑም። ሁሉም ሰው አንድ መልስ ብቻ የሚሰጥበት ጥያቄ ምንም አይለይምና አውጡት።

ደረጃ 9፦ ሐኪሞቹን መዝኑ

ይህን ደረጃ ለሁሉም ሰው በጩኸት መንገር እፈልጋለሁ። የሕመም መልክን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ የለም። መለኪያችሁ ሐኪም ነው። ሐኪሞቹ ራሳቸው ካልተስማሙ መጠይቃችሁ ከማን ጋር ነው የሚስማማው?

ስለዚህ ከዋናው ጥናት በፊት ሁለት ሐኪሞች እነዚያኑ ታማሚዎች ለየብቻ ይዩ። 100 ታማሚ እንበል። በ40ዎቹ ሁለቱም «የፒ ቺ ጉድለት ነው» አሉ። በ30ዎቹ ሁለቱም «አይደለም» አሉ። በ30ዎቹ ተለያዩ፣ 15 በዚህ፣ 15 በዚያ። ስምምነቱ 70 በመቶ ነው፣ ጥሩ ይመስላል። ግን እያንዳንዱ ሐኪም 55 ሰው ላይ «ነው» ብሏል። በግምት ብቻ ቢናገሩ እንኳ 0.55 በ0.55 ሲባዛና 0.45 በ0.45 ሲባዛ ተደምሮ 0.505 ይስማሙ ነበር። ካፓ ማለት ከግምት በላይ የተስማሙበት ነው፤ 0.70 ሲቀነስ 0.505፣ ለ0.495 ሲካፈል፣ 0.39 ይመጣል። ይህ ደካማ ነው። 0.60 እና ከዚያ በላይ ፈልጉ።

ካልደረሰ መጠይቁን አትንኩ። የተለያዩባቸውን 30 ሰዎች ካርድ ይዛችሁ ከሁለቱ ጋር ተቀመጡ። ብዙ ጊዜ አንዱ ምላስን ያስቀድማል፣ ሌላው ሰገራን። የደረጃ 2ን ገጽ አስተካክሉና በአዲስ ታማሚዎች ድገሙት።

ደረጃ 10፦ ዋናው መረጃ

በአንድ ጥያቄ ከ5 እስከ 10 ሰው አስቡ። 25 ጥያቄ ካላችሁ 250 ሰው ጥሩ ነው።

ሐኪሙ ቅጹን አይይ፣ ቅጹን የሚሰበስበውም ምርመራውን አይወቅ። ሐኪሙ ቅጹን አይቶ ከመረመረ የምትለኩት ስምምነት ራሱን በመስተዋት እንደማየት ነው።

ሌላው፣ ጤነኛ ሰዎችን ብቻ ለንጽጽር አትያዙ። ጤነኛ ተማሪንና ለዓመታት የታመመን ሰው ማንኛውም መጠይቅ ይለያል፣ ቁጥሩም ያማረ ይሆናል፤ ክሊኒክ ሲገባ ግን ይወድቃል። የጉበት ቺ መታፈንና እርጥብ ሙቀት ያለባቸውን ታማሚዎች የግድ አካትቱ።

ደረጃ 11፦ ስሌቱ

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

መጀመሪያ እያንዳንዱን ጥያቄ እዩ። ጠቅላላ ነጥቡን እዩ፤ ከ15 በመቶ በላይ ሰው ዝቅተኛውን ወይም ከፍተኛውን ጥግ ከያዘ መጠይቁ እዚያ ጫፍ ላይ ሰው አይለይም።

ቀጥሎ ፋክተር አናሊሲስ። ጥያቄዎቹ በቡድን ይሰበሰባሉ? ኬኤምኦ (መረጃው ለዚህ ስሌት ይመች እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር) ከ0.60 በታች ከሆነ አትቀጥሉ። ጥያቄው ቡድኑ ላይ የሚጭነው ከ0.40 በታች ከሆነ ተጠርጣሪ ነው። የተገኘውን ቅርጽ በሌላ የሰው ቡድን ላይ በማረጋገጫው ዓይነት ፋክተር አናሊሲስ ድገሙት፤ ቅርጹ ከመረጃው ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም ከሚናገሩት ቁጥሮች ሲኤፍአይ ቢያንስ 0.90፣ አርኤምኤስኢኤ ከ0.08 ያልበለጠ ይሁን። በአንድ መረጃ ላይ ፈልጋችሁ በዚያው መረጃ ላይ «አረጋገጥኩ» ማለት አይቻልም።

ከዚያ አልፋ። ከ0.70 በላይ ይፈለጋል። ከ0.95 ካለፈ ደግሞ አንድን ጥያቄ በተለያየ ቃል ደጋግማችኋል።

አሁን ግን ቆም በሉ። ብዙ ጥሩ መጠይቅ የሚበላሸው እዚህ ነው። አልፋ የሚሠራው ምልክቶቹ አብረው ከፍ ዝቅ የሚሉ ሲሆኑ ነው። የቻይና ሕክምና መልክ ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። የኩላሊት ያንግ ጉድለትን ውሰዱ። አንዱ ወገቡና ጉልበቱ ይቀዘቅዛል። ሌላው ጎሕ ሳይቀድ ተቅማጥ ያስነሳዋል። ሦስተኛዋ ሌሊት ለሽንት ትመላለሳለች። ሦስቱም መልካቸው አንድ ነው፣ ምልክታቸው ግን አይገናኝም። የንጋት ተቅማጥ ጥቂት ሰው ላይ ብቻ ስለሚታይ አልፋውን ያወርዳል፤ ሐኪሙ ግን ሲሰማው ወዲያው ወደ ኩላሊት ያንግ የሚያስበው በእሱ ነው። ፕሮግራሙ «አውጣው» ስላለ ብቻ ካወጣችሁት፣ ነጥቡ ያማረ፣ መልኩን ግን የማያውቅ መጠይቅ ይቀራችኋል። የጥያቄ መውጣት ውሳኔ የቁጥሩም የሐኪሙም ይሁን፣ ምክንያቱም ደብተሩ ላይ ይስፈር።

ድጋሚ መለካት ደግሞ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ልዩነት፣ ቢያንስ 50 ሰው ላይ ይሁን፣ አይሲሲ (የሁለቱ ጊዜ ነጥቦች ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚናገረው ቁጥር) 0.70 እና ከዚያ በላይ። መድኃኒት የጀመረን ሰው አታስገቡ። ነጥቡ ቢለወጥ ተሽሎት ነው ወይስ መጠይቁ ተንሸራቶ ነው? መለየት አትችሉም።

በመጨረሻ ከሌላ የታወቀ መለኪያ ጋር አነጻጽሩ። ለድካምና ለኑሮ ጥራት ኤስኤፍ-36 የተባለው ባለ 36 ጥያቄ የጤና መጠይቅ ብዙ ጊዜ ይሆናል። መጠነኛ ዝምድና ነው የሚጠበቀው፤ በጣም ከተመሳሰለ አዲስ መጠይቅ አላስፈለገም ነበር።

ደረጃ 12፦ መቁረጫ ነጥቡ

ጥሬውን ነጥብ ወደ 100 ቀይሩት። መልሶቹ ከ1 (በፍጹም) እስከ 5 (ሁልጊዜ) ከተቆጠሩ ቀመሩ ቀላል ነው፤ ከድምሩ የጥያቄውን ብዛት ቀንሱ፣ ለብዛቱ 4 እጥፍ አካፍሉ፣ በ100 አባዙ። 10 ጥያቄ ኖሮ ድምሩ 27 ከሆነ፣ 17 ለ40 ሲካፈል 42.5 ነው። የሰውነት ጠባይ መጠይቁም እንዲህ ነው የሚሰላው፤ እዚያ 40 እና ከዚያ በላይ «አለ»፣ ከ30 እስከ 39 «ያደላል» ይባላል።

እነዚያን 40 እና 30 ቀድታችሁ ለራሳችሁ አትጠቀሙ። ስንቱን ተማሪ በዚህ አየሁት። የእናንተ ነጥብ ከእናንተ መረጃ ይውጣ። የአርኦሲ ሥዕል (መቁረጫ ነጥቦችን የሚያወዳድር ግራፍ) ሠርታችሁ፣ በየነጥቡ መልኩ ያለባቸውን ምን ያህል እንደያዘ እና የሌለባቸውን ምን ያህል ነጻ እንዳወጣ ደምሩ፣ 1 ቀንሱ። ትልቁ የወጣበት ነጥብ መነሻችሁ ነው። መነሻ አልኩ፤ መጠይቁ ለማጣሪያ ከሆነ ሰው እንዳያመልጥ ዝቅ አድርጉት፣ ለምርምር ታማሚ መምረጫ ከሆነ ከፍ አድርጉት።

ወደ አማርኛ የምትመልሱ ከሆነ

ሁለት ሰው ለየብቻ ይተርጉም፣ አንድ አድርጉት፣ ዋናውን ያላዩ ሌሎች ሁለት ሰዎች ወደ ቻይንኛ ይመልሱት፣ ከዚያ ሁሉም ቁጭ ብለው ያስታርቁት። ደረጃ 7ንም እንደገና ሥሩ። አማርኛ የራሱ ወጥመድ አለውና።

«አልፎ አልፎ» እና «አንዳንዴ» ለአብዛኛው ሰው አንድ ናቸው። ጎን ለጎን አታስቀምጧቸው። «ብርድ አለብኝ» ያለ ሰው መገጣጠሚያውን ሊሆን ይችላል። ለዌይሀን «ብርድ አልችልም»፣ ለዉሀን «ብርድ ብርድ ይለኛል» ይቀርባል። «ጨጓራ አለብኝ» የሚለውም ከቃር እስከ ሆድ መነፋት ሁሉን ያዝላል፤ ቦታውን በሥዕል ላይ ያሳይ። ፒን «ጣፊያ» ብላችሁ ታማሚ ፊት አታቅርቡ፣ ስለ አንድ አካል የምትጠይቁ ይመስለዋል። «እርስዎ» በሉ፤ አክብሮቱ እንዳለ ሆኖ የወንድና የሴት ግሡን ችግር በአንድ ጊዜ ይፈታላችኋል።

ጾምን አስቡ። ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ውስጥ ስለ ምግብ ፍላጎትና ስለ ሆድ መነፋት ብትጠይቁ የምትለኩት የምግብ ሰዓት ለውጥን ነው። ወይ ከጾሙ በኋላ ጠይቁ፣ ወይ «አሁን እየጾሙ ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ጨምሩ።

ቅጹ ከመታተሙ በፊት

የመጀመሪያው ገጽ ላይ የእትም ቁጥርና ቀን ይኑር። ከጀርባው ደግሞ ማን እንደሚሞላው፣ የስንት ቀን እንደሚጠይቅ፣ አንድ ጥያቄ ቢዘለል ነጥቡ እንዴት እንደሚሰላ፣ ስንት ከተዘለለ ቅጹ እንደሚጣል ጻፉ። ማንበብ ለማይችል ሰው ጠያቂው ቃል በቃል ያንብብ፣ በራሱ አባባል አያስረዳ። የአደጋ ጥያቄዎቹንና የሚላክበትን ቦታ በጉልህ አስፍሩ።